ባዶ ቦታውን ሙሉ

ውድ የልጅ ልጄ ናታሊ፣

ያን እሑድ በሬ ላይ ቆመሽ «አባባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልምጣ?» ስትዪኝ በኖርዌይኛ «ነይ» አልኩሽ። እምቢ ማለቴ ነበር። ጫማሽን አስረሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ አራት እሑዶች አልፈዋል። የባችለር ጽሑፍሽን ልታስረክቢ ሦስት ሳምንት እንደቀረሽ እናትሽ ነግራኛለች፤ ፊርማዬን ካላገኘሽ የነገርኩሽን ሁሉ ማጥፋት ግዴታሽ እንደሆነም እንዲሁ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና ይህን ታነቢዋለሽ ብዬ ነገሩን በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ስለ ዘርና ስለ ብሔር ልታጠኚ እንደሆነ የሰማሁ ቀን እናትሽን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። እኔ ነርስነት ወይም ምህንድስና ነበር የጠበቅኩት። «ይኼማ በእኛ አገር ያለ ዲግሪም ይጠየቃል» አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። የሰውን ዘር የሚጠይቅ ሰው መልሱን ካገኘ በኋላ የሚያደርገው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ። አሁንም ከዚህ እምነት ጨርሼ አልወጣሁም።

ያን እሑድ ስትመጪ እንደ ልማድሽ ማቀዝቀዣውን ከፍተሽ «አባባ፣ ምንም የለህም እኮ» አልሽኝ። ቀጥሎ ስልክሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽ፣ ወረቀት አወጣሽ፣ ድምፅሽም ተለወጠ።

«እርስዎ ብሔርዎን እንዴት ይገልጹታል?»

ከልጅነትሽ ጀምሮ «ለትልቅ ሰው እርስዎ ይባላል» እያልኩ ሳርምሽ አንድም ቀን ሰምተሽኝ አታውቂም ነበር። ያን ቀን ሰማሽኝ። እኔ ግን ብሔሬን በ«እርስዎ» የጠየቁኝን ሰዎች አስታወስኩ፤ ከጠረጴዛ ማዶ ሆነው፣ በትሕትና፣ እስክሪብቶ ይዘው። ለመልሱ ፋታ ባገኝ ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩሽና «ብሄር» ያልሽውን በቀይ «ብሔር» ብዬ አረምኩት። ድምፄን ማን እንደሚሰማው፣ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኩሽ። ስሜ የለም፤ «ተጠያቂ አራት» ይላል። ከእኔ በፊት ያሉት ሦስቱ እነማን እንደሆኑ ስጠይቅሽ ምስጢር ነው አልሽኝ። ይኼኛው መልስ ይብሱን አስጠረጠረኝ። ቢሆንም ያንን ጥያቄ ዘልለሽ ሌሎቹን ጠይቂኝ አልኩሽና ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ስደት፣ ስለዚህ አገር አንድ ሰዓት ያህል አወራሁልሽ።

ስንጨርስ ወደ ባዶዋ ቦታ ተመለስሽ። «ከሚቀር ከአያትህ ስም ተነስቼ ልሙላው እንዴ?» ብለሽ ቀለድሽ። ቀልድ እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ የምትማሪው ሰውን በዘር መለየት ነው ብዬ ሰደብኩሽ። አንቺ አልጮኽሽም።

«አይደለም አባባ» አልሽኝ። «እኛ የምናጠናው ማን ምን እንደሆነ አይደለም። ማን እንደጻፈው ነው።»

ብድግ ያልኩት ያኔ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ደሴ ሳስተምር በርሀ የሚባል የሒሳብ መምህር ባልደረባዬ ነበር። ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተናል። ጠመኔ ይዋሰኝና ሁልጊዜ ሰባብሮ ይመልስልኝ ነበር፤ ሳኮርፍ «ሁለት አደረግኩልህ፣ ምን ጎደለብህ?» ይለኛል። አንድ ዓመት ከቢሮ የመምህራን ቅጽ መጣ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ አሰባስቤ እንዳስረክብ ርእሰ መምህሩ አዘዘኝ። ከሠላሳ አንዳችን ሠላሳው ሞልተናል። በርሀ ብቻ «ብሔር» በሚለው ሥር ምንም አልጻፈም። ጠየቅኩት። «ተወው ዋጋዬ፣ ክፍት ይሁን» አለኝ።

እኔ በየፈተናው «ባዶ ቦታውን ሙሉ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያልተሞላ ቅጽ ማስረከብ አሳፈረኝ። አባቱ ከአስመራ እንደመጡ አንድ ቀን አጫውቶኝ ነበር። «ኤርትራዊ» ብዬ ጻፍኩለት፣ በጥሩ ቁም ጽሕፈት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጦርነቱ መጣ። አንድ ማለዳ በርሀን ከቤቱ ወስደው ወደ ድንበር በሚሄድ አውቶቡስ ጫኑት። በማግስቱ ሚስቱ ራሕዋ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። «መምህር ዋጋዬ፣ በምን አወቁ? እሱ እኮ ለማንም አይናገርም ነበር» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ቅጽ ይሁን ከሌላ ዛሬም አላውቅም። ግን ቅጹን መሙላቴን አልነገርኳትም። እነሆ ሃያ ሰባት ዓመት፣ ባቡር ውስጥ ትግርኛ የሚናገር ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ፊቱን አጠናለሁ፤ እሱ እንዳይሆን እፈራለሁ፣ እሱ እንዲሆንም እመኛለሁ።

አልጠረጠርኩሽም ብዬ አልዋሽሽም። ጠርጥሬሻለሁ። ወረቀትሽን ከአንቺ ቀጥሎ የሚይዘውን ሰው አሁንም እጠረጥረዋለሁ፤ አንቺም ብትጠረጥሪው ደስ ይለኛል። ግን ያን እሑድ በዚያች ክፍል ከነበርነው ከሁለታችን፣ ሰው ክፍት የተወውን የሞላሁት እኔ እንጂ አንቺ አልነበርሽም።

ጠረጴዛዬ ላይ ትተሽው የሄድሽውን ቅጽ ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። «ብሔር» በሚለው ሥር ምንም የለም። ረስቼው አይደለም። እንዳትሞዪው፤ አስተማሪሽም እንዳይሞላው። የበርሀን ነገር ግን ስሙን ቀይረሽ ጻፊው። ያንን ያደረገው «ተጠያቂ አራት» ነው በዪ። ሌላ የምትጠይቂኝ ካለሽ በ«አንተ» ጠይቂኝ። ስለ «እርስዎ» ከእንግዲህ አላርምሽም።

አንድ እርማት ብቻ ቀርቶኛል። እዚህ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ሳለሽ ልወስድሽ መጥቼ ከአጥሩ በር «ነይ» ብዬ ስጠራሽ ባለሽበት ደርቀሽ ትቀሪ ነበር፤ የከለከልኩሽ እየመሰለሽ። ሮጬ መጥቼ እጅሽን እስክይዝሽ ድረስ አትንቀሳቀሺም። አሁን እግሬ አይሮጥም። ስለዚህ በር ላይ ቆመሽ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ የሰጠሁትን መልስ እዚሁ አርሜዋለሁ።

ነይ። ይኼ የአማርኛው ነው።

አያትሽ ዋጋዬ
ሃውገንስቱዋ