አርባ ሦስቱ ቀይ ሪባኖች

ሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬ አርባ ሦስት ዛፍ ከመጥረቢያ አድኛለሁ። ብቻዬን! ክንዴ ተቧጭሯል፣ ነጠላዬ ላይ እሾህ ተሰክቶ ቀርቷል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ የማኅበራችን ሴቶች ከተከለለው ተራራ ሣር የምናጭድበት ቀን ነው። ከብት አይገባም፤ እኛው አጭደን ተሸክመን እንወርዳለን። ማጭዴን ይዤ ስወጣ፣ ከመግቢያው አለፍ ብሎ አንድ ግራር ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። እኛ ተራራ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ደኑ እንዳይጨናነቅ ሲሳሳ የሚቆረጥ። ጥበቃችን ጋሽ ላሊሶ ቀይ ያየበትን ይቆርጣል፣ ማን አሰረው ብሎ አይጠይቅም። ግን መጀመሪያ ስብሰባ ተጠርተን መወሰን አለብን። ማን ጠራን? ማንም! ለእህቴ ልጅ ሠርግ ቅዳሜና እሑድን በዴሳ ከተማ ውዬ ብመለስ ይሄ ጠበቀኝ።

እነዚህ ዛፎች ከደረቀ ጉቶ ሲያቆጠቁጡ የመለመልኳቸው እኔ ነኝ፣ ልጄን ምሕረትን አዝዬ። አንዱን ሪባን ፈታሁ። ከዚያ በኋላ እጄ አላቆም አለ። ሪባኑ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠመዘዛል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። የሰከረ ሰው ያሰረው ነው የሚመስለው። እየተከተልኩ አንድ ሳላስቀር ለቀምኩት። ሣሩ ትንሽ ሆነ፤ ላሟ ታኩርፍ።

ሪባኑ መቼም ጥሩ ነው፣ ያብረቀርቃል። አጥቤ አሰጣሁት። አንዱን ለዶሮዬ እግር አሰርኩላት፣ ከጎረቤቴ ከታደለች ዶሮ እንድትለይልኝ። የምሕረት አባት «ለኮሚቴው ተናግረሻል?» አለኝ። ሐሙስ ስብሰባ አለ፣ በሰው ፊት ነው የምጠይቃቸው አልኩት። ንግግሬን ከአሁኑ በልቤ እያዘጋጀሁ ነው።

ምሕረት በጠዋት ሶዶ ሄዳለች፣ ብስክሌቶቹን ልታመጣ። በተራራችን ላይ የብስክሌት መንገድ እያበጀች ነው። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዎች መጥተው ይሞክሩታል። በሜዳው ለምን አይነዱም ብላት «ሜዳማ ማንም ይነዳል እማዬ» አለችኝ። ኮሚቴው የፈቀደላት ይህችን አንድ ቅዳሜ ነው። ካማረ መንገዱ ይቀጥላል፣ እሷም እዚሁ ሁምቦ ትቀራለች። ካላማረ ሀዋሳ ሆቴል ውስጥ ሥራ ይጠብቃታል። ሻንጣዋ ግማሹ ተሞልቶ አልጋዋ ሥር ነው። እኔ ቅሪ ብዬ አልለምናትም። ሻንጣውን ግን በየቀኑ አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

የምን ዛፍ ማዳን! ምነው ያኔ እጄን በያዘኝ።

ምሕረት ከሰዓት በኋላ መጣች። ብስክሌቶቹ ሚኒባሱ አናት ላይ ታስረው ሲገቡ ሰፈሩ በሙሉ ሊያይ ወጣ። ጎማቸው ወፍራም፣ መሪያቸው የበሬ ቀንድ። እየሳቀች ግቢ ገባች፣ ዶሮዋን አየችና «እማዬ፣ ይህቺም ልትነዳ ነው እንዴ?» አለች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀና ስትል የልብስ ማስጫውን ገመድ አየች። አርባ ሁለት ሪባን፣ ታጥቦ፣ በነፋስ ይወዛወዛል።

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በርጩማ ላይ ተቀመጠችና «ሁሉንም?» አለች። ሁሉንም አልኳት። የሄልሜቷን ማሰሪያ ትፈታለች፣ ታስራለች።

ለካ ሪባኑ ራሱ መንገዱ ነበር። እንግዶቹ እሱን እያዩ ነው የሚነዱት፤ እሷ ጎማ ለተነፈሰበት ሰው ልትደርስ ከኋላ ነው የምትከተለው። እኔ በዴሳ ሳጨበጭብ እሷ ሁለት ቀን ሙሉ ተራራውን ወጥታ ወርዳ የመረጠችው መስመር! በስልክሽ አልመዘገብሽውም? አልኳት። «ረቡዕ እየነዳሁ ልመዘግበው ነበር።» ረቡዕ ነገ ነው።

ቀይ ለምን አደረግሽው ብላት ከሩቅ ስለሚታይ ነው አለች። ደኑ በሚሳሳበት ጊዜ እሷ ሶዶ ትምህርት ቤት ነበረች፤ የቀዩን ነገር ማን ነግሯት? እኔ ነበርኩ መንገር ያለብኝ። እኔም ጠይቄ ነበር መፍታት የነበረብኝ። የምሕረት አባት ሁለታችንን አየት አየት አድርጎ «እናትና ልጅ እንዲህ ስትመካከሩ ደስ ይላል» ብሎን ወጣ። ሽሙጠኛ።

ለእራት የምትወደውን የቦዬ ሥር ቀቅዬ ከዳጣ ጋር አቀረብኩላት። አልፈልግም አለች። ዕቃ አጥቤ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ተስፋ አለ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጉልበቴ! መቀመጥም መነሣትም አቅቶኛል።

ጎህ ሲቀድ አብረን ወጣን። ለምሕረት ሁሉም ግራር ነው፣ ሁሉም እሾህ ነው። ለእኔ ግን አንድ አይደሉም። ከየትኛው እንደፈታሁ አንድ በአንድ መጣልኝ፦

መንታው፣ መግቢያው አጠገብ።
ንብ የሰፈረበት። (እዚህ ስፈታ ሮጬ ነበር።)
ፍየል ጫፉን በልታው ጎንበስ ብሎ ያደገው።
ሥሩ ድንጋይ የሰነጠቀው።
ከምሕረት ጋር እኩያ የሆነው። እሷ ጥርስ ስታወጣ እሱ ቅጠል ያወጣ ነበር። ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ቦረቦሩ ጋ ተጣላን። የእሷ መስመር ቀጥ ብሎ ይወርድበታል። በዚህ በኩል እኮ ሸክም የያዙ ሴቶች ይወጣሉ አልኳት። «ውበቱ እሱ ነው እማዬ፣ ለዚህች ለመውረጃዋ ነው የሚመጡት» አለች። ውበቱ ይቅር፣ ዞረሽ በላይ በኩል አሳልፊው አልኩ። ብስክሌቷን ይዛ በላይ በኩል ሞከረችው። ስትመለስ ፊቷ በአቧራ ተለውሶ ጥርሷ ብቻ ይታያል። «ይሄ ይሻላል» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንዳልሰማ። ሰምቻለሁ።

አርባ ሁለቱን አሰርን። አርባ ሦስተኛው ዶሮዋ እግር ላይ ነው፤ እሱን ከየት ዛፍ እንደፈታሁት ግን ጨርሶ ጠፋኝ።

ስንወርድ ጋሽ ላሊሶ መግቢያው ላይ መጥረቢያ ይስላል። «አስቴር፣ ሰኞ ጠዋት ቀይ ነበረ። ማክሰኞ ጠፋ። ዛሬ ተመለሰ። ሳይጠፋ ነገ በጠዋት ልጀምረው» አይለኝም!  እስከ ነገው ስብሰባ እንዲታገሠን ለመንነው። «ቀይ ቀይ ነው» አለ። ግን መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቤቱ ሄደ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ስብሰባው ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ ጥፋቴን ተናዘዝኩ።

ስለ ዶሮዋ ስነግራቸው ሊቀመንበሩ እንኳ አፉን በእጁ ሸፈነ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ኮስተር አለና፣ ቅዳሜ አንድ ሰው ከተሰበረ ወይም አንዲት ሴት ከተገጨች ነገሩ በዚያው አበቃ አለ። ምሕረት መሬት መሬት ታያለች። እኔ የወንበሬን ጠርዝ ይዣለሁ።

መጀመሪያ ቀለሙ። ቀይ በዚህ ተራራ የመጥረቢያ ነው፣ ሌላ ፈልጉ ተባልን። በአንድ ቀን ከየት ይመጣል? ታደለች ተነሣች። የመዘምራን አለቃ ናት፤ አሮጌው ሰማያዊ የመዘምራን ልብስ ሣጥን ውስጥ ብል እየበላው ነው አለች። «ስንት ዓመት ዘመርንበት፣ አሁን ደግሞ ተራራው ይዘምርበት።»

ቀጥሎ የሸክሙ ነገር። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ በተራራው የምታቋርጥ አትጠፋም። ሸክም የያዘች ሴት ከኋላዋ አታይም፣ ብስክሌት ደግሞ ድምፅ የለው። ሰው ሲያዩ ይቆማሉ፣ ከብስክሌቱ ይወርዳሉ አለች ምሕረት። «ሳያዩኝ ቢደርሱብኝስ?» አለች አንዷ። ያኔ አፌ ቀደመኝ፦ የከብት ቃጭል እሰሩበት አልኩ። ቃጭል ስሰማ ዞሬ ሳላይ ከመንገድ እወጣለሁ፣ ማናችንስ አንወጣም? ሴቶቹ ሁሉ አዎ አሉ። ጋሽ ላሊሶ ብቻ «ጎማ ያለው በሬ» ብሎ አጉረመረመ።

ተፈቀደ። ሰባት ቃጭል መለመን አለብኝ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ልብሱን ቀደድን። ታደለች የመጀመሪያውን ቅዳጅ ስትቀድ ዐይኗን ጨፈነች።

ቀዩን ፈታን፣ ሰማያዊውን አሰርን። በአንድ ሳምንት አንድን ዛፍ ሦስቴ የነካሁት ዘንድሮ ነው። ቃጭሉ ሰባት ሞላ፣ አንዱ ግን የተሰነጠቀ ነው።

አርባ ሦስተኛውንም አገኘሁት! ምሳ ለመሥራት እሳት ላቀጣጥል ከማገዶው አንድ እንጨት ሳነሣ ብልጭ አለልኝ። ለካ ዛፍ አልነበረም። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ራቁት ቦታ ላይ ድንጋይ መሐል የተተከለ ደረቅ እንጨት ነበር። ሪባኑን ፈትቼ እንጨቱን ደግሞ ለማገዶ ይዤው መጣሁ። ሰኞ ማታ ሽሮ ሠርቼበታለሁ! ምሕረትን ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀች። ግን ዋናዋ ምልክት ያቺ እንጨት ናት። በቀኝ በላይ በኩል የሚዞረው አዲሱ መንገዳችን፣ በግራ ቀጥታ ቦረቦሩ። ሄደን ሰማያዊ ያሰርንበት ሌላ እንጨት ተከልን። መሬቱ አሸዋ ነው፣ ጠንክሮ አልቆመልኝም።

ሻንጣዋን አየሁት። እንደነበረ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

የዛሬውን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

እንግዶቹ በጠዋት ደረሱ። ልብሳቸው ከገላቸው የተጣበቀ ነው፤ ታደለች «እንዲህ ለብሰው ከእናታቸው ቤት ወጡ?» አለችኝ። ሰላምታቸው ግን ጥሩ ነው፣ «እንደምን አደሩ እናታችን» አሉኝ። ቃጭሉን ወደዱት። ምሕረት በጭንቀት ውሃ እንኳ አልጠጣችም።

እነሱ በሰፊው መንገድ ሲወጡ እኔ በአቋራጭ ወጣሁ፣ ሲያልፉ ልይ ብዬ። መንታ መንገዱ ላይ ስደርስ እንጨቱ የለም። ከብት ገብቶ ይታከክበት፣ ነፋስ ይጣለው እንጃ፣ ተሰብሮ ጨርቁ አቧራ ውስጥ ተቀብሯል። ልተክለው ጎንበስ ስል ከላይ ቃጭል ሰማሁ። ሲወርዱ ደርሰዋል!

ሌላ ምን አደርጋለሁ? ጨርቁን አንሥቼ በግራው መንገድ መሐል ቆምኩ። አንድ እጄን ዘርግቼ ዘጋሁ፣ በሌላው ሰማያዊውን ወደ ቀኝ አውለበለብኩ። የመጀመሪያው አቧራ አስነሥቶ ብቅ ሲል እግሬ ሽሽ ሽሽ አለኝ። አልሸሸሁም። ፍሬኑ ጮኸ፣ አየኝ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሁለተኛው። ሦስተኛዋ ሴት ናት፣ «እናመሰግናለን!» እያለች አለፈች። ስድስቱም። መጨረሻ ላይ የተሰነጠቀው ቃጭል እየተንኳኳ ምሕረት መጣች። እኔን አየች፣ የተሰበረውን እንጨት አየች። አንድ እጇን ከመሪው አንሥታ መዳፌን መታችኝና አለፈች።

ሁለት ጎማ ተንፍሷል፣ እሾህ ነው። የተሰበረ ሰው የለም። ገበያተኞቹም ቃጭሉን ሰምተው ዞር ብለውላቸዋል። አንዷ «በሬው የታል?» ብላ ስትፈልግ ነበር አሉ።

እሑድ፣ ጥር 24

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊቀመንበሩ ግቢያችን ድረስ መጣ። እንግዶቹ በሚቀጥለው ወር ጓደኞቻቸውን ይዘው እንመለሳለን ብለዋል። ኮሚቴውም ክረምት እስኪገባ ፈቅዷል፤ ዝናቡ መንገዱን ምን እንደሚያደርገው ያኔ ይታያል። መንታ መንገዱ ላይ ግን በድንጋይ የተካበ ምልክት ይሠራ አለ። «እትዬ አስቴርን ሁልጊዜ አናቆማትም።»

ጋሽ ላሊሶ አብሮት ነበር። ዶሮዬ በፊቱ ስታልፍ እግሯን ትኩር ብሎ አየና «ይህቺስ? ቀይ ናት፣ ልቁረጣት?» አለ። ይህ ሰው ሲቀልድ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ቀልድ መሆኑን ግን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ቶሎ ይዤ ሰማያዊ ቀየርኩላት።

ምሕረት ብስክሌቶቹን ልትመልስ ወደ ሶዶ ሄዳለች። ስለ ሀዋሳ አልጠየቅኳትም። «እስከ ክረምት ነው» ብትለኝስ? አልጋዋን ሳነጥፍ ግን ሻንጣውን በእግሬ ነካሁት። ከዚያ በእጄ አነሣሁት።

ቀላል ነው። ባዶ ነው።