«እናየዋለን» ብለው የጻፉት አምባሳደር

አምባሳደር ናምጉንግ ኪዮንግሱ ከአባታቸው ከዓሣ ነጋዴው ናምጉንግ ቶክሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሶክ ፑንኒዮ በወደብ ከተማችን በኩንሳን እ.ኤ.አ. በ1947 ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው ሴኡል ላይ በሕግ ተመረቁ። በ1973 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ተቀላቀሉ፤ በ1976 ከወይዘሮ ፒዮ ሚጆንግ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ሱንዶክ ነኝ።

ለረጅም ዓመታት በውጭ አገር ካገለገሉ በኋላ የፕሬዚዳንቱ የጸጥታና የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆነው ተሾሙ። ይሁን እንጂ የፕሬዚዳንቱ ጆሮ የነበረው ሌላ አማካሪ ዘንድ ነው፤ ከፕሬዚዳንቱ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ዘንድ። ስማቸውን በወንድሜ የሕይወት ታሪክ ላይ አላሰፍርም።

አንድ ወዳጅ መንግሥት ለሩቅ ጦርነቱ ወታደር እንድንልክለት ጠየቀ። ወንድሜ ጉዳዩን ለሳምንታት አጥንተው አይሆንም አሉ፤ ፕሬዚዳንቱም ተስማሙ። የመልሱን ደብዳቤ ወንድሜ ጽፈው ፈረሙ፦ «ጥያቄያችሁን እናየዋለን።» እስቲ ፍረዱ፣ እኛ አገር «እናየዋለን» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አለ? ለወዳጅ ፊት ለፊት «አይሆንም» ይባላል እንዴ?

እኚያ ሰውዬ ግን ጎልፍ ሜዳ ላይ ለወዳጁ መንግሥት አምባሳደር «አይዞዎት፣ እሺ ማለታችን ነው» አሏቸው። ወዳጁ መንግሥት በማግስቱ ምስጋናውን በይፋ አወጀ። ሰውዬውም ለፕሬዚዳንቱ «አሁን ወደኋላ ብንል እናፍራለን» አሉ። ወታደሮቹ ሄዱ። አሥራ አንዱ በሬሳ ሣጥን ተመለሱ።

ምክር ቤቱ እንደ እሺታ የተቆጠረውን ደብዳቤ የፈረመው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ወንድሜ በ2005 ከሥራ ተሰናበቱ። ሰውዬው በቴሌቪዥን ቀርበው «ኪዮንግሱ ቃል መምረጥ ትንሽ ይቸግራቸዋል» ብለው ሳቁ። ሳቁ! የሟች ወታደሮች እናቶች በራችን ላይ መጥተው ሲያለቅሱ ወንድሜ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። «ጋሼ፣ ምነው እውነቱን ቢናገሩ?» ብላቸው፣ «የመንግሥት ምስጢር ለእህትም አይወራም። ሾርባሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ጎልፍ ሜዳ ላይ የተባለውን ያወቅነው የዚያ መንግሥት አምባሳደር ጡረታ ወጥተው ባሳተሙት ማስታወሻ ነው። ወንድሜ በጉበት ካንሰር ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አነበብኩላቸው። «ገጹን እጠፊልኝ፤ ለልጆቼ ይቆይ» አሉ። ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መጋቢት 9 ቀን 2019 በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ነፍሳቸውን ቃል በማይጣመምበት ሥፍራ ያሳርፍልን።

ለቅሶ ለደረሳችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። እኚያ ሰውዬም ትናንት ስማቸው በትልቁ የተጻፈበት የአበባ ጉንጉን ልከው፣ ዛሬ እንደ ለቅሶ ልማዳችን ከወንድሜ ፎቶ ፊት ለመስገድ ፈቃድ ጠይቀዋል። አበባው ከበር ውጭ ነው። መልሳችንንም ሕዝብ በተሰበሰበበት እንዲነበብላቸው እዚሁ ጽፈነዋል፦ ጥያቄዎን እናየዋለን።