ለማይነደው ከሰሌ ስለ ተጻፈልኝ የእሳት ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ አቶ ወንድወሰን
የጋራ ሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሰሚት (መኖሪያዎ አያት ሰፈር መሆኑን ብናውቅም፣ ሥልጣንዎ ያለው እዚህ ስለሆነ)

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ግቢዎ ውስጥ ያሉት ጽጌረዳዎች ሁሉ ደኅና ናቸው? ደረትዎን አያፍንዎትም? ሳል አልጀመርዎትም? እሰይ፣ ጤናዎን ያብዛልዎ። እኛም ደኅና ነን ብዬ ብቀጥል ወጉ ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤቴ እትዬ የሻሽወርቅ ደኅና ስላልሆኑ፣ በፈቃድዎ ወሬዬን ከእሳቸው ልጀምር።

እትዬ የሻሽወርቅን መቼም አይረሷቸውም፤ ሦስተኛ ፎቅ ከእኔ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት፣ በየስብሰባው ቀድመው መጥተው ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። የቆየ አስም አለባቸው። ባለፈው ወር ብሶባቸው ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። ልጃቸው ሳምራዊት ከሐዋሳ ሁለቱን ልጆቿን አንጠልጥላ መጥታ አስታምማ ተመልሳለች። ትልቁ ልጇ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ ደስ ይላል፤ ትንሿ ግን የአያቷ ቤት ይሸታል ብላ በር ላይ ቆማ አልገባም ስትል እናቷን በእፍረት ልትገድላት ነበር። እኔማ ሕፃን አይዋሽም አልኩ።

ሐኪሙ ከጭስና ከመጥፎ ሽታ ይራቁ ብሎ በወረቀት ጽፎላቸዋል። ያንን ወረቀት ራሴ ቢሮዎ ድረስ ይዤልዎ መጥቼ ነበር። መነጽርዎን አድርገው እስከ ማኅተሙ ካነበቡ በኋላ "ጥሩ ምክር ነው" ብለው መልሰው ሰጡኝ። ሐኪሙን ወክዬ ስለ አድናቆትዎ አመሰግናለሁ።

ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳውና በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከብሎካችን ጀርባ፣ ልክ በእትዬ የሻሽወርቅ መኝታ ቤት መስኮት ሥር፣ የሕንፃው ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አለ። ክዳኑ ከመስከረም ጀምሮ ለሁለት ተሰንጥቋል። ጉድጓዱም ሞልቶ በስንጥቁ ያፈሳል። መስኮቱ ሲከፈት ሽታው ይገባል፣ ሲዘጋ ደግሞ ክፍሉ ይታፈናል። የአስም በሽተኛ ከሁለቱ የቱን ትምረጥ? አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ክዳኑ አመሰግናለሁ። ስድስት ጊዜ አመልክተን ስድስቱንም ጊዜ "በሂደት ላይ ነው" የሚል መልስ በትህትና ሰጥተውናል። ሂደቱ ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ ባናውቅም፣ በኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ መጥቶ ስንጥቁ ላይ ተጣለ፣ በላዩም ድንጋይ ተጫነበት። ሽታ ድንጋይ እንደሚፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለካ እስከዛሬ ሳልማር ቀርቼ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ስላስተማሩኝ የእጅ ሙያ አመሰግናለሁ። እርስዎ ክዳኑን አስጠግነው ቢሆን ኖሮ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴትዮ በምን ዕድሌ የአየር ማጣሪያ እሠራ ነበር? ፍሪጅ ሲሸት ከሰል በሳህን አድርጎ ማስቀመጥ ማንም ሴት የምታውቀው ነው። እኔም ለፍሪጅ የሆነ ለመኝታ ቤት ለምን አይሆንም አልኩና ከጉልት ከሰል ገዝቼ ወቀጥኩት። የትንኝ መከላከያ ወንፊት ሽቦ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ጠቅልዬ፣ ከሰሉን ሞልቼ፣ ቤቴ ያለችውን ትንሿን ቬንትሌተር ገጥሜ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ከዚያ ከፈትኩት። አቶ ወንድወሰን፣ ቢያዩት ጥሩ ነበር! ያላጠብኩት የከሰል ብናኝ በሙሉ ወደ ቤት ተነፍቶ የእትዬ የሻሽወርቅ ነጭ አንሶላ፣ ነጭ መጋረጃ፣ ነጭ ፀጉራቸው ሳይቀር ጥላሸት ሆነ። እኔ በድንጋጤ ሳለቅስ እሳቸው እያሳሉ ይስቃሉ። "አንቺ ሶሬቲ፣ ለሞት ሳልደርስ ማቅ አለበስሽኝ" አሉኝ።

ገርጂ የውሃ ማጣሪያ የሚገጥም ሙስአብ የሚባል ልጅ አለ፤ ሄጄ ነገርኩት። ሳቁን ከጨረሰ በኋላ "እትዬ፣ የሚነደው ከሰል ሌላ፣ ሽታ የሚይዘው ከሰል ሌላ" አለኝ። ሽታ የሚይዘው በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀና በዓይን የማይታይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ጠጠር ነው። ውሃው ጥቁር መሆኑን እስኪተው ታጥቦ መድረቅ አለበት። ሁለት የሽቦ ጥቅልል ተሠርቶ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባና ጠጠሩ በመሀላቸው በሦስት ጣት ውፍረት ይሞላል። ከዚያ በላይ ከወፈረ ትንሿ ቬንትሌተር መሳብ ያቅታታል። ታቹ በቀለም ባልዲ ክዳን ይደፈናል፣ ዙሪያው በስስ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ መጋጠሚያው ሁሉ በፕላስተር ይታሸጋል። ምክንያቱም ሽታ ቀዳዳ ካገኘ ከሰሉን አልፎ በዚያው ይገባል። ቬንትሌተሯ የውጭውን አየር በከሰሉ ውስጥ ስባ ወደ ቤት ታስገባለች። ጠጠሩ ሲደክም ሽታው እንደገና ይመጣል፤ ያኔ ይቀየራል። ጠጠሩን ከእሱው ገዝቼ እንዳለኝ ሠርቼ ሰቀልኩት። በሦስት ትራስ ተደግፈው ያድሩ የነበሩት እትዬ የሻሽወርቅ በሳምንቱ አንድ ትራስ በቃቸው። እኔ ሌላ ምስክር አልፈልግም።

ደግሞ ልብ ይበሉልኝ፣ ይህ መድኃኒት አይደለም። ጉድጓዱንም አይደፍንም። እርስዎ እስኪያስጠግኑት ድረስ ሴትዮዋ ትንፋሽ እንዲያገኙ ነው።

ሦስተኛ፣ ይሄኛውን ምስጋና ስጽፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ከደስታ እንዳይመስልዎ። ያጠብኩትን ጠጠር ሰፌድ ላይ አስጥቼ ኮሪደሩ ላይ ሳደርቅ፣ እርስዎ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ለጉብኝት መጡ። ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ ሰፌዴ! በስልክዎ ፎቶ አነሱ። ምን እንደሆነ ላስረዳዎ አፌን ስከፍት በጽሑፍ አቅርቢ ብለው ወረዱ። በአሥረኛው ቀን በሬ ላይ የተለጠፈው ወረቀት "በጋራ መተላለፊያ ላይ ከሰል በማቀጣጠል ሕንፃውን ለእሳት አደጋ በማጋለጥ" ይላል። ውሃ የሚንጠባጠብ ከሰል! ከሥሩ ምድጃ የለ፣ ክብሪት የለ፣ ጭስ የለ። ያንን እርጥብ ከሰል ማቀጣጠል የሚችል ሰው በኮሚቴው ውስጥ ካለ እባክዎ ይላኩልኝ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ወጥ አሠራዋለሁ። ከወረቀቱ ጋር ያያያዙትን ፎቶም አብሬ ለጥፌዋለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ እሳቱን ይፈልግልን።

አራተኛ፣ ያው ወረቀት የተሰቀለው ዕቃ "የሕንፃውን ገጽታ ስለሚያበላሽ" እስከ ዓርብ ይውረድ ይላል። ከሥሩ በግላጭ የሚፈሰው ነገር ለገጽታው ምን እንዳደረገለት አልተጻፈም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን እንተወው። ሳምራዊት፣ ያ ቬንትሌተር ከወረደ እናቴን ቅዳሜ መጥቼ ወደ ሐዋሳ እወስዳታለሁ ብላለች። አይፈረድባትም። እትዬ የሻሽወርቅ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ዕጣ ጠብቀው፣ ስማቸው የወጣ ቀን ጋዜጣውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያለቀሱበት ቤት ነው። ቁልፉን ለእኔ ሰጥተው የሚሄዱት ከሥሩ ያለ አንድ ክዳን መቀየር ስላቃተን ነው? እኛ ስንል እርስዎን ማለቴ ነው። እኔስ ያቃተኝ ነገር የለም። ለሊፍት ያልበቃ ሕንፃ ውስጥ፣ አንዲት የታመመች ሴት ትንፋሽ ያገኘችበትን መስኮት ለመዝጋት ማኅተም ሲያደርጉ እጅዎ አልከበደም ወይ? እኔ እንደ ክርስቲያን ስለ እርስዎ እጸልያለሁ፤ ሰሞኑን ግን ጸሎቴ እርግማን እየመሰለብኝ መሀል ላይ አቋርጠዋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት የጥበቃ ሠራተኛችን ኑሪ በእርስዎ ትእዛዝ ሊያወርደው መጥቶ ነበር። አልጋቸው ላይ ያሉትን እትዬ የሻሽወርቅን ሰላም አለ፣ ቬንትሌተሯን ቆሞ አዳመጠ፣ ከዚያ ካቻቢቴውን ከኪሱ እንኳ ሳያወጣ "ካቻቢቴዬ ለብሎኑ አይገጥምም" ብሎ ወረደ። እባክዎ አይቆጡት። ከመስከረም ወዲህ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያየሁት ብቸኛው ትክክለኛ የኮሚቴ ሥራ እሱ ነው።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዓርብ ከሚመጣው ካቻቢቴ በፊት የጉድጓዱ ክዳን ይምጣ። ክዳኑ በመጣ ቀን ማጣሪያውን በገዛ እጄ አውርጄ፣ አጥቤ፣ ለመታሰቢያ ቢሮዎ አስቀምጥልዎታለሁ።

ጤናዎ ሳይጓደል፣ አፍንጫዎ ሳይደፈን፣ መስኮትዎ ወደ ጽጌረዳዎ እንደተከፈተ ያኑርዎ እያልኩ፣ ካለቀ ትዕግሥትና ካላለቀ አክብሮት ጋር፣

ሶሬቲ ዋቅጅራ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቬንትሌተሯ ፊት ለፊት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እድላዊት መጣች፤ በእኛው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የእርስዎን ቤት የተከራየችው ልጅ። የእርስዎም መስኮት እዚያው ጉድጓድ ላይ ነው ለካ። ለእሷም ማጣሪያ ጀምሬላታለሁ፤ ነገ ይሰቀላል። ዓርብ ሲመጡ ማውረዱን ከራስዎ ቤት እንዲጀምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልጅቷ ለምን እንደመጣች ደግሞ እንዳለችኝ ልጻፍልዎ፦ "እትዬ ሶሬቲ፣ ሽታው አስመርሮኛል፣ ቤቱን ልለቅ ነው ብዬ ለጋሽ ወንድወሰን ደወልኩላቸው። 'አትልቀቂ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ጎበዝ ናት፣ አንድ ትሥራልሽ፤ ብቻ ከውጭ እንዳይታይ በመጋረጃ ሸፍኚው' አሉኝ።"