መድፍ የተሣለበት የመድኃኒት ሠረገላ

ቨርጂኒያ፣ ከጦሩ ሆስፒታል
ግንቦት 29 ቀን 1864

ውድ ላቪኒያ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ይህን የምለው የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ትኩሳት የለብኝም፣ ጥይት አልነካኝም፣ ምግቤንም በሰዓቱ የሚያመጣልኝ ሰው ተመድቦልኛል። ሰውዬው ጠመንጃውን ታቅፎ ከድንኳኔ ደጃፍ አይለይም። ወዴት እንደምሄድ እጅግ ያሳስበዋል። አንቺ እንኳ በተጋባን ሰሞን እንዲህ አልተጨነቅሽልኝም።

የጎረቤታችን የወይዘሮ ፔቲቦን ልጅ እዚሁ ጦር ውስጥ ነው፤ ብዕሩም እንደ እናቱ ምላስ ነው። ስለዚህ ነገሩን እሷ በራሷ ቅመም አጣፍጣ ከማድረሷ በፊት ከእኔው ስሚው። ሐሙስ ዕለት ጦር ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ክሱ፣ የመድኃኒት ሠረገላ የጥይት ነው ብዬ አታልዬ ወንዝ አሻግሬያለሁ፣ በዚህም አንድ የመድፈኛ ክፍል በውጊያ መሐል ያለ ጥይት እንዲቀር አድርጌያለሁ የሚል ነው። ከተፈረደብኝ ማዕረጌ ይገፈፋል፤ እስርም ሊከተለው ይችላል። በቁስለኛ ፊት ቢላ ይዤ ዳግመኛ የምቆም አይመስለኝም። ክሱ ደግሞ፣ አንቺን ምን እዋሽሻለሁ፣ እውነት ነው።

ወንድምሽ ኦሪን በሕይወት አለ። ይህ በመጀመሪያው መስመር መጻፍ የነበረበት ነገር ነው፤ ሰው ስለ ራሱ ማውራት ሲጀምር የሚስት ወንድም እንኳ ወረፋ ይጠብቃል። ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች የለም። «በሁለት እግሩ መልሰህ ላክልኝ» ብለሽ የጻፍሽውን አልረሳሁም። ግማሹን ፈጽሜልሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ኦሪንን በቃሬዛ አመጡት። ጥይት የቅልጥሙን አጥንት እንደ ሸክላ ሰባብሮታል። እዚህ ማንም ሐኪም በራሱ ፈቃድ ብቻ እግር አይቆርጥም፤ ሦስት ሆነን እናያለን፣ ሁለቱ ከተስማሙ መጋዙ ይወጣል። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ የሚስቴ ወንድም ነው ብዬ ወጣሁና ሌላ ሰው ተተካ። ሦስቱም ይቆረጥ አሉ፤ ያውም ዛሬውኑ። ቁስሉ ካደረ ይመረቅዛል፤ ከመረቀዘ መጋዙ ከጉልበት በላይ ይወጣል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደግሞ ከጠረጴዛው የሚነሣው ሰው ያንሳል።

የጎደለን ማደንዘዣው ክሎሮፎርም ነበር። የመጨረሻው ጠርሙስ በዋዜማው ተሟጧል። ዊስኪውም አልቋል፤ እሱንስ እኛም ሐኪሞቹ ሳናግዘው አልቀረንም። ሌላው ሌላው ሞልቶናል። የከተማችን ሴቶች ማኅበር የላከው ሣጥን ያን ዕለት ደርሶ ስንከፍተው ጥልፍ የተጠለፈበት የቤት ጫማ፣ መጠጥን የሚያወግዝ በራሪ ጽሑፍ፣ ደግሞም ተሰባብሮ የቁስል ጥጡን ሁሉ ያጣፈጠ የእንጆሪ ማርማላታ አገኘን። ጫማውን ከጠለፉት አንዷ አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ሙያ ያለው ሥራ ነው። እዚህ አንድ ጥንድ ለሁለት ሰው ይበቃል።

የእኛው የመድኃኒት ሠረገላ ክሎሮፎርሙን ይዞ ከወንዙ ማዶ ቆሟል። መሻገሪያውን የያዘው የስንቅና ትጥቅ ኃላፊው ሻምበል ስትሮድ ነው። የመድኃኒት ኃላፊያችንን ኬስለርን አስከትዬ በፈረስ ተሻግሬ ሄድኩ። ኬስለር ሲንሲናቲ ላይ መድኃኒት ቤት የነበረው ጀርመናዊ ነው፤ ሲያዝን ቀልድ የሚያወራ፣ ሲደሰት ዝም የሚል ሰው።

ስትሮድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትእዛዝ የሚያነብ ሰው ነው። በዚህ ጦር እያንዳንዱ ሠረገላ የያዘው ነገር በሸራው ላይ በቀለም ይሣላል። ሁለት የተጠላለፉ መድፎች ከተሣሉበት የመድፍ ጥይት ነው። የዕለቱ ትእዛዝ ደግሞ ከጥይት በቀር አንዲት መንኮራኩር አትሻገር የሚል ነበር። ቁስለኞቼን ዘረዘርኩለት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ።

«ዶክተር» አለኝ፣ «ጥይቱ ካልተሻገረ ነገ የሚኖርዎት ቁስለኛ ሳይሆን ምርኮኛ ነው፤ እርስዎም ጭምር።»

«እኔ ዛሬ በነቃ ሰው ላይ መጋዝ ልሰድ ነው።»

«እንግዲያው የሚነክሰው ነገር ይስጡት» አለና ወደ በቅሎዎቹ ዞረ።

ከሁሉ የሚያናድደው ትክክል መሆኑ ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ኬስለር ከሠረገላችን የጉሎ ዘይት አወጣ፤ እኔ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቅሁ። ቀላቅለን፣ ጨርቅ በእንጨት ጫፍ ጠቅልለን፣ በሸራው ላይ የነበረውን ምልክት ሸፍነን ሁለት መድፍ ሣልን። ማለት ኬስለር ሣለ። ኩርፊያ ላይ ያሉ ሁለት ኪያሮች ይመስሉ ነበር። መሻገሪያው ላይ የቆመው ጠባቂ አንገቱን አዘንብሎ አያቸውና ይህ የየት አገር መድፍ ነው አለ። ኬስለር ፊቱ ሳይፈታ «የጀርመን» አለው። ጠባቂው ስቆ አሳለፈን።

እዚህ ላይ ትላንት መርማሪው መኮንን የጠየቀኝን ልንገርሽ። የሚስትህ ወንድም ባይሆን ይህን ታደርገው ነበር ወይ አለኝ። ብዙ ቁስለኞች ክሎሮፎርሙን ይጠብቁ ነበር ብዬ መለስኩ። እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። ከእነዚያ ቁስለኞች አንዳንዶቹ ግን ከሰኞ ጀምሮ ገለባው ላይ ተኝተው ነበር። ለእነሱ ብዬ ጥላሸት አልፋቅሁም።

ከወንዙ ስንወጣ ወደ ግራ፣ ወደ ሆስፒታሉ ልንታጠፍ ስንል አንድ ባለ ፈረስ መኮንን መንገድ ዘጋብን። የመድፍ ጥይት ነው? ወደ ቀኝ፣ ወደ ጉብታው፤ የመቶ አለቃ ማርሽ መድፎች ጥይት ሊጨርሱ ነው አለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው። ሠረገላውን ጥይት ነው ያልን ሰዎች ጥይት ወደሚፈለግበት እንደሚላክ አላሰብንም። ሁለታችንም የተማርን ነን።

እዚያው አፌን ከፍቼ መድኃኒት ነው ማለት እችል ነበር። ያን ጊዜ ወደ ማዶ ይመልሱታል፤ ኦሪንም የሚነክሰው ነገር ይሰጠዋል። መኮንኑ ከዓይን ሲሰወር እንታጠፋለን ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ግን አብሮን ጋለበ። ከኋላችን እውነተኛው የጥይት ሠረገላ ሲደርስ፣ ጉብታው ደርሶታል፣ ይሄኛው ወደ ታች ወዳሉት መድፎች ይሂድ ሲል ሰማሁት። አሁንም ዝም አልኩ። ላቪኒያ፣ የተከሰስኩት በቀለሙ ነው። በዝምታው ማንም አልከሰሰኝም።

ጉብታው ላይ የመድፈኛው አዛዥ መቶ አለቃ ቴሮን ማርሽ ሮጦ ተቀበለን። ከሜይን የመጣ የትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ፊቱ በባሩድ ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ ይታያል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለኝ። የመጀመሪያውን ሣጥን ክዳን ራሱ ገነጠለው፤ ፋሻ ነው። ሁለተኛውን ገነጠለ፤ የታሸገ የሥጋ መረቅ። ሦስተኛውን አልከፈተም። ቀና ብሎ ሸራውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«በዚህ ምን ያህል ርቀት ይመታል?» አለኝ። ተማሪውን እንደሚጠይቅ፣ በለሆሳስ።

መኮንኑ እውነተኛውን ሠረገላ ሊያስመልስ ፈረሱን ገረፈ። በዚያ መሐል መድፎቹ ያላቸውን ጨርሰው ዝም አሉ። ጠላት ደግሞ የመድፍ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የጠላት መድፎች ጉብታውን ተራ በተራ ያርሱት ጀመር። ጥይቱ ሲደርስ የሚተኩሱት እጆች ከግማሽ በታች ሆነው ነበር። የሞቱትን ስም ጠይቄ አውቄያለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ እናቶቻቸው ቀድመው ይስሙ። የተረፉትን ቁስለኞች በዚያው ሠረገላ ላይ፣ በክሎሮፎርሙ ሣጥኖች መካከል ጭነን ወረድን። ማርሽ ቀኝ ክንዱ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ከእነሱ አንዱ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ኦሪን ዓይኑን በር ላይ ተክሎ ይጠብቀኝ ነበር። በጦር ሆስፒታል ግን ደም የሚፈሰው ይቀድማል እንጂ ዘመድ አይቀድምም። ሦስት ሆነን ማርሽን አየን፤ ክንዱ ከትከሻው ሥር ይወጣል ተባለ። ባልንጀሮቼ ወደየጠረጴዛቸው ተመለሱ። ቢላ ያልያዘ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማርሽን በበርሜሎች ላይ በተጋደመ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስተኛነው። ኬስለር ጨርቁን ሲያዘጋጅ ማርሽ ፊቴን መረመረ።

«የፋሻው ሐኪም እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ካልነቃሁ ማን ይመሰክርብዎታል?»

«ኬስለር አለ» አልኩት።

ኬስለርን ከላይ እስከ ታች አየው። «ሠዓሊው?» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ኬስለር ማንጠባጠብ ጀመረ። ቆዳውን ከፈትኩ፣ ደም ሥሩን አሰርኩ፣ መጋዙን አነሣሁ። ያን ጊዜ ማርሽ መተንፈስ አቆመ። ከንፈሩ እንደ እርሳስ ሆነ። ክሎሮፎርም አንዳንዴ ይህን ያደርጋል፤ ፈረጠም ያለውን ሰው መርጦ ይወስዳል፣ ለምን ሞተ ብሎ ሐኪሙን የሚጠይቅም የለም። ይህን እኔ አውቃለሁ። ኬስለርም ያውቃል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም።

ምላሱን ጎትቼ አወጣሁ፣ ደረቱን ደጋግሜ ተጫንኩ፣ ኬስለር ባልዲ ውሃ ፊቱ ላይ ደፋበት። በመጨረሻ እንደሚሰጥም ሰው አየር ሳበና ተነፈሰ። ኬስለር «ፈጥነዋል፣ ዶክተር» ይላል። ዘግይቼ ነበር ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

ከእሱ ቀጥሎ የኦሪንን እግር ባልንጀራዬ ቆረጠው። እኔ የኦሪንን ራስ ይዤ ነበር። ምንም አልተሰማውም፤ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ እግሩን ሳይሆን ጫማውን ነው። አዲስ ነበር፣ አብራችሁ እንዳትቀብሩት አለኝ። ቁስሉ ንጹሕ ነው፣ ትኩሳቱም በርዷል። ስለ ጉብታው ከሌሎች ቁስለኞች ሰምቷል። «አንሰል፣ እኔ እንዲህ አድርግልኝ አላልኩህም» አለኝ። አላለኝም። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ አሁንም እንዳዞረ ነው። ስትጽፊለት አትቆጪው። የምትቆጪው ሰው ካስፈለገሽ አድራሻዬ ከላይ አለ።

ማርሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። መታሰሬን ሲሰማ ቁስሌን ሌላ ሐኪም አይነካብኝም አለ። ስለዚህ በየማለዳው ባለ ጠመንጃው ወዳጄ ከድንኳኔ አውጥቶ ወደ ማርሽ አልጋ ይወስደኛል፤ ፋሻውን ፈትቼ አጥቤ አስሬ ስጨርስ መልሶ ያስገባኛል። ብዙ አንነጋገርም። ትላንት ግን ለፍርድ ቤቱ ምን ልበል ብሎ ጠየቀኝ። ያዩትን ይበሉ አልኩት። «ያየሁትን ካልኩ ያልቅልዎታል» አለ። ፋሻው ጠበቀ እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። አልጠበቀም አለ።

ልጆቹ ከጠየቁ አባታችሁ በሥራ ላይ ነው በያቸው፤ እስከ ሐሙስ እውነት ነው። ወይዘሮ ፔቲቦን ከመጣች ወንበር ስጫትና የምትለውን ሁሉ ስሚያት፤ ብዙውን አትሳሳትም። ጌታ ቤታችንን ይጠብቅልኝ፤ አንቺንና ልጆቹን ከክፉ ይሰውርልኝ፤ የኦሪንን ልብ ወደ ሰው ይመልስልኝ።

ለእኔ ግን አትጸልዪልኝ። ጸሎት ከተረፈሽ ለመቶ አለቃ ማርሽ አድርጊው። ደም ብዙ ስለፈሰሰው ድምፁ ገና ደካማ ነው፣ አጠገቡ ካልቆሙ አይሰማም። ጠዋት ጠዋት የሥጋ መረቁን በማንኪያ እያጠጣሁት ነው። ሐሙስ ዕለት የሚመሰክርበት ክፍል ሰፊ ነው፤ መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው እንኳ እያንዳንዷን ቃል መስማት አለበት።

ያንቺው፣
አንሰል