የግራው ጥርስ

ጥር 16፣ ረቡዕ

ነገ ልጄ ሁለት ጥርስ ትነቀላለች።

ሁለቱም የላይ ናቸው፤ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ። ጥርሶቿ ተደራርበዋል፤ ማቃኛው ሽቦ ከመታሰሩ በፊት ቦታ መከፈት አለበት። ሰላም አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ሰልችቷታል።

እናቴ ከሰማች ጀምሮ አኩርፋኛለች። «የላይ ጥርስ ሥሩ ከዓይን ነው። እኔን አይተሽ አትማሪም?»

አያታለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቀኝ ጥርሷን ያስነቀልኳት እኔ ነኝ። አልሄድም ስትል እጇን ይዤ ወሰድኳት። ዓመት ሳይሞላ ቀኝ ዓይኗ ጠፋ። ጎረቤቱ ሁሉ ጥርሱ ነው አለ። እኔም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የግራ ጥርሷ በስብሶም አታስነካም። ሲጠዘጥዛት ቅርንፉድ ትነክስበታለች። «ይመመኝ ግድ የለም። ዓይኔን ይጠብቅልኛል» ትላለች።

ጥር 17፣ ሐሙስ

ባሕር ዳር ደርሰን ተመለስን። ጥርሶቹ ወጡ። ሰላም አላለቀሰችም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ልጄ ወንበሩ ላይ ሳትወጣ፣ ዓይኗን አይነካም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«አይነካም። የጥርሱ ነርቭ ሌላ፣ የዓይኑ ሌላ።»

የእናቴን ነገርኳት። ሲጠፋ ዓይኗን ያማት ነበር? አለችኝ። አላማትም። ከዳር ጀምሮ ነው የጠፋው? አዎ፤ በቀኟ የሚመጣ ሰው ያስደነግጣት ነበር።

«የዓይን ሐኪም ምን አላችሁ?»

«አልወሰድናትም።»

«ለምን?»

«ጥርሱ ነው ብለን።»

ጓንቷን ልታጠልቅ እንደያዘች ቆመች። «እኔ የጥርስ ነኝ። ግን የዓይን ግፊት የሚባል በሽታ አለ፤ እንዲህ ያደርጋል። ቶሎ ከተደረሰበት እንዳይብስ ይያዛል። የጠፋው አይመለስም። የቀራቸውን ዓይን ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በማስነቀሌ ራሴን ረግሜአለሁ። ጥፋቴ እሱ አልነበረም። ጥፋቴ ዓይን ሐኪም አለመውሰዴ ነው። ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ወደ ደብረ ታቦር በሚመልሰን መኪና ውስጥ ሰላም ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ጥር 18፣ ዓርብ

የሰላም ጉንጭ አብጧል። አጥሚት በማንኪያ፣ ቀዝቀዝ ያለ።

እናቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ ዓይኗን ትፈትናለች። ሦስት ጣት አወጣች። «ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«አሁንስ?»

«እማማ፣ የተነቀለው ጥርሴ ነው እኮ። ቁጥር አልጠፋኝም።»

እናቴ ሳቀች። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰላም በተራዋ ለመቀለድ እጇን በእናቴ ግራ በኩል ዘርግታ አራት ጣት አወጣች። «እርስዎስ? ይኼ ስንት ነው?»

«እጅሽን አውጪና ጠይቂኝ እንጂ።»

እጇ ወጥቷል።

ሰላም አየችኝ። ከዚያ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ፊት አመጣችው።

«አራት!» አለች እናቴ። «አየሽ? ጥርስን ያለማስነካት ጥቅሙ ይኸው ነው።»

ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ።

ጥር 19፣ ቅዳሜ

ጠዋት «ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አልኳት።

«ምን ሆኜ? የግራውን መቼ ነካሁት?»

በእሷ ቤት ጥርሷ እስካለ ዓይኗ አይታመምም። ይህን ሳላፈርስባት አትሄድልኝም። ላፈርሰው ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ሕመምሽ ምንም አልጠበቀልሽም ማለት አለብኝ።

«ይልቅ ቅርንፉዴ አልቋል» አለች ጉንጯን ደግፋ። «ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደረው። ገዝተሽልኝ ነይ።»

ሄድኩ። ደፋር ብሆን አልሄድም ነበር።

ባለሱቁ ያውቀናል። ቅርንፉዱን ሚዛኑ ላይ እያፈሰሰ፣ «ለእማማ ነው አይደል?» አለ። «ጠንካራ ሰው ናቸው። እኔ እንደሳቸው ጥርሱን ችሎ ዓይኑን ያተረፈ ሰው አላየሁም። ለሚስቴም ሁልጊዜ እሳቸውን ነው የምነግራት።»

«ሚስትህ ምን ሆነች?»

«እሷም ዓይኔን ትላለች። ጥርስሽን እንዳታስነኪ ብያታለሁ።»

«ዓይን ሐኪም ውሰዳት» አልኩት። «ዛሬ። ከጥርስ ጋር አይገናኝም።»

እጁን ከሚዛኑ ሳያነሳ አየኝ። ለባለሱቁ ነገርኩት። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።

ወጣሁ።

«እንዴ! ቅርንፉዱስ?» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ።

አልዞርኩም። ቤት ስደርስ በጎኗ አልቀመጥም። ከፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነው የምነግራት፣ በምታየኝ በኩል።