አባዬና የቬኒስ ድልድዮች

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ዛሬ ቬኒስን ከአባዬ ጋር ካሰብነው የአውሮፓ ጉዞ ልሰርዝ ነበር። አምስተርዳም ይበቃናል ብዬ ነው። ቬኒስ ውስጥ በየውሃ ቦዩ ላይ ያለው ድልድይ ደረጃ አለው፤ የአባዬ ጉልበት ደግሞ አይታመንም። አባዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። ከተማው ጭቃ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ እንደቆመ ከነገርኳቸው ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። «ውሃ ላይ መሠረት የጣለ ሰው እጁ ይባረክ!» ይላሉ።

ከሰዓት እንግልውድ ካለው ሥራዬ ተመልሼ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ያለው አፓርትመንታችን ጋ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ አባዬ የውጪውን ደረጃ ሲወጡ አየኋቸው። ላይ ደርሰው ትንሽ አረፉና እንደገና ወረዱ። ላብ በላብ ሆነዋል።

«አባዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልምምድ ነዋ! ሦስት ሳምንቴ ነው። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ነው የምጀምረው።»

ክንዳቸውን ልይዝ ስል እጄን ቀስ አድርገው መለሱት። «እዚያ ቬኒስም እንዳትይዢኝ። የእነዚያን ግንበኞች ሥራ በራሴ እግር ቆሜ ነው ማየት የምፈልገው።»

በሰባ ስድስት ዓመታቸው! እኔ ስንቱን ነገር ጀምሬ ትቻለሁ። ወዲያው ገብቼ የቬኒሱን ሆቴል ቡክ አደረግኩ። ጉልበታቸው ይችል እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ደረጃውን አብሬያቸው እወጣለሁ፤ ክንዳቸውን ሳልይዝ።