ምሕረት የጠየቀችን ሦስት ነገር

ሰኞ
አስካለች ዛሬም ምንም አልቀመሰችም። የሐሞት ጠጠር ነው ብለዋታል፤ ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ሄዳ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት። አልሄድም ትላለች። ለኔ ለጎረቤቷ ሰበብ ትደረድራለች እንጂ ምክንያቷ ልጇ ምሕረት ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቡና መጋዘን አብራን መጥፎውን ፍሬ ከጥሩው ትለያለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነው የሠራችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ኦቲዝም ነው፣ አፈጣጠሯ እንዲህ ነው» ብላለች። «እኔ ከሌለሁ በሳምንት ያባርሯታል» አለችኝ አስካለች። «እኔ አለሁላት» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ማክሰኞ
ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ካቦው ተስፋዬ ወሬ እንዳናበዛ በየቀኑ ቦታ ያቀያይረናል። ምሕረትን ከመፈልፈያው ማሽን አጠገብ አስቀመጣት። ጠዋት ስንገባ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እጇን ሊጨብጥ፣ ትከሻዋን ሊስም። ይህን ሁሉ ስትመክትላት የኖረችው እናቷ ናት ለካ! አራት ሰዓት ላይ ጆሮዋን ይዛ ወጣች፤ ግቢው አቮካዶ ሥር እስከ መውጫ ተቀመጠች። ካቦው «እትዬ ወርቄ፣ እንዲህ ከቀጠለች በቦታዋ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ ግን ይወዳል።

ረቡዕ
ለምኜው ጎኔ አስቀመጥኳት፤ ከማሽኑም ራቅ አልን። ብቸኝነት እንዳይሰማት አጫወትኳት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ልጄ ሠርግ፣ በየመሃሉ «አይዞሽ»። እጇ እየዘገየ ሄደ። ልትወጣ ስትነሣ «ምሕረትዬ፣ ምን ላድርግልሽ?» አልኳት።
«እትዬ ወርቄ፣ ዝም ይበሉ።»
ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ፣ ብርቄማ «የወርቄ ባል ሃያ ዓመት ያልደፈረውን!» ብላ አግዳሚው ላይ ተደፋች። ፊቴ ጋለ። ተቆጥቻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ግን ስድብ አልነበረም፤ ጠየቅኳት፣ መለሰችልኝ። «ሌላስ?» አልኳት። በጣቷ ቆጠረችልኝ፦
ቦታዬ አንድ ይሁን።
እጅ አልጨብጥም፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላም እላለሁ።
ሥራ ሲቀየር ቀደም ብሎ ይነገረኝ።
በቃ፣ ይኸው ነው። በስድስት ዓመት አንዳችንም አልጠየቅናትም።

ሐሙስ
ዝም አልኩ! እስከ ምሳ! ጆንያ ከመሸከም ይከብዳል። ብርቄ «ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» ትለኛለች። ምሕረት ግን ቀና ሳትል ዋለች፣ ድርሻዋንም ጨረሰች። ስንወጣ ሦስቱን ነገር ለካቦው ነገርኩት። ራሱን አከከ። «ለአንዷ ከፈቀድኩ ሁላችሁም ቦታ ልምረጥ ልትሉ ነው» ብሎ ሄደ። ለአስካለች ምን እላታለሁ?

ዓርብ
ተመስገን! ካቦው ሌሎቻችንን ብቻ አቀያየረ። ምሕረት ቦታዋ ላይ ናት። ብርቄ እጇን ዘርግታ ኖሮ፣ ትዝ ሲላት መልሳ ሻሽዋን አስተካከለችበት። እኔ ሌላ ጫፍ ደረሰኝ፤ አፌ እስኪደክም አወራሁ።

እሑድ
ከጸሎት ቤት መልስ አስካለች ቤት ሰው ሞላ። ብርቄ ሙዝ ይዛ መጣች፤ «አንቺ፣ ጠጠሩን ልትወልጂው ነው?» ብላ በሽተኛዋን አሳቀቻት። ካቦውም መጣ፣ እግዜር ይስጠው። እጁን አልዘረጋም፤ እንደ እሷ አንገቱን ዝቅ አደረገ። «ምሕረት፣ ነገ ከማጂ የመጣ ቡና ይገባል። ፍሬው ደቀቅ ያለ ነው። ቦታሽ ያው ነው» አላት። «እሺ» አለች።
አስካለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እዚያው እንደ ዞረች «የሚዛን መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለች።
«አሥራ ሁለት ሰዓት» አለች ምሕረት ከሁላችን ቀድማ። «እኔ ሥራ አለኝ፣ እማዬ። እትዬ ወርቄ ይውሰዱሽ።»